ፀጉርን ቀይ መቀባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀይ ፀጉር በየሰፈሩ በዝቷል። ወይን ጠጁም፣ የመዳቡም፣ ከሩቅ የሚጣራውም አለ። ጥያቄውም አብሮ በዝቷል። መልሶቹ በተለይ ጥቁርና ጥቅልል ፀጉር ላላቸው የተጻፉ ናቸው። ሳጥኑ ላይ ፈገግ የምትለው ሞዴል የእኛ ዓይነት ፀጉር ስለሌላት፣ የሳጥኑ መመሪያም ሁሌ ለእኛ ልክ አይመጣም።

ጥቁር ፀጉሬ ብሊች ሳይነካው ቀይ ይሆናል?

ይሆናል። የትኛው ቀይ ነው ጥያቄው።

ጥቁር ፀጉር ሲገረጣ በአንዴ ቢጫ አይሆንም። መጀመሪያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ መጨረሻ ላይ ቢጫ ይሆናል። ቀዩ እዚያው ከጥቁሩ ሥር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከደማቅ ቀለሞች ሁሉ ለእኛ ፀጉር የሚቀርበው እሱ ነው። ጥቁር ቀይ፣ ወይን ጠጅና ማሆጋኒ (ወደ ቡናማ የሚያደላ ጥልቅ ቀይ) አብዛኛውን ጊዜ ብሊች አይፈልጉም። እሳት የመሰለ ቀይ ወይም የሚያበራ የመዳብ ቀለም ከሆነ ግን ፀጉሩ አስቀድሞ ብርቱካናማ እስኪሆን መገርጣት አለበት። ይሄ ደግሞ ያለ ብሊች አይሆንም። ፀጉር ቤት ገብቶ "ቀይ አድርጊልኝ" ብቻ ማለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው። ፎቶ አሳዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፀጉራችሁ ከዚህ በፊት ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ አዲሱ ቀለም አያገረጣውም። ቀለም ቀለምን አያነሳም። ከሥር ያደገው ያልተቀባ ፀጉር ብቻ ቀልቶ ጫፉ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሽበት ለመሸፈን ለዓመታት ጥቁር ስትቀቡ የኖራችሁ ሰዎች በአንድ ቀን ቀይ እንሆናለን ብላችሁ አትጠብቁ።

ሳጥኑ ላይ ያለው 5.6 ወይም 6.45 ምን ማለት ነው?

ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር የቀለሙን ጥልቀት ይናገራል። 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የገረጣ ብሎንድ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ ቀለሙ ወደምን እንደሚያደላ ያሳያል። በብዙ የአውሮፓ ቀለሞች 4 መዳብ፣ 5 ማሆጋኒ፣ 6 ቀይ ነው። ሁሉም ኩባንያ ግን አንድ ዓይነት ቁጥር አይጠቀምም። በዌላ ቀለሞች ለምሳሌ ቀይ የሚባለው 4 ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ትልቁ ስህተት የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው የሚሠራው። ፀጉራችሁ 2 ሆኖ 8.4 ብትገዙ ሳጥኑ ላይ ያለውን መዳብ አታገኙም። ቋሚ ቀለም ፀጉርን ከሁለት እስከ ሦስት ደረጃ ቢያገረጣ ነው። የምታገኙት ፀሐይ ላይ ብቻ ቀላ የሚል ቡናማ ነው፣ ገንዘቡም ይሄዳል።

አብሮ የሚቀላቀለው ነጭ ክሬም ላይ 20፣ 30፣ 40 ተጽፏል። የቱን ልውሰድ?

እሱ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። 10 የሚለው 3 በመቶ፣ 20 የሚለው 6 በመቶ፣ 30 የሚለው 9 በመቶ፣ 40 የሚለው 12 በመቶ አለው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፀጉሩ ይበልጥ ይገረጣል፤ ይበልጥም ይጎዳል። ለጥቁር ቀይና ለወይን ጠጅ 20 በቂ ነው። ጠንካራና ጤነኛ ፀጉር ላይ ትንሽ ብሩህ ቀይ ለማውጣት 30 ይበቃል። 40 ግን ራስ ቅል ቆዳን እንዲነካ መደረግ የለበትም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለፀጉር ምርቶች የተፈቀደው የመጨረሻው ጣሪያም ይኸው 12 በመቶ ነው። ቤት ውስጥ ለብቻችሁ የምትቀቡ ከሆነ 40ን ሱቁ ውስጥ ተዉት።

ቀለሙ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ምንድን ነው የሚሠራው?

አንዷ ፀጉር ከውጭ በኩል ቅርፊት አላት። ቅርፊቱ እርስ በርሱ ተደራርቦ ውስጧን ይሸፍናል። ቋሚ ቀለም ውስጥ ያለው አሞኒያ ይህን ቅርፊት ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ፐሮክሳይዱ ይገባና የተፈጥሮውን ጥቁር ያገረጣል። በዚያው ሰዓት ከቱቦው የመጡት ቀለም አልባ የሆኑ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ውስጥ ገብተው ከፐሮክሳይዱ ጋር ይገናኛሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ሲያያዙ ይተልቃሉ፣ ቀለምም ያወጣሉ። ከዚያ በገቡበት ቀዳዳ በቀላሉ መውጣት አይችሉም። የተቀላቀለው ክሬም ሳህኑ ላይ ሳለ ነጣ ብሎ ቆይቶ ቀስ በቀስ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ተቀላቅሎ የተረፈን ቀለም ክዳን ባለው ዕቃ አታስቀምጡ። ጋዝ ስለሚፈጥር ሊፈነዳ ይችላል።

ከእነዚህ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ዋነኛው ፓራፌኒሊንዲያሚን ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ፒፒዲ እንበለው። የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት አውጉስት ሆፍማን እጅ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ዩጂን ሹለር በ1907 ለፓሪስ ፀጉር ቤቶች መሸጥ የጀመረው ቀለም ኋላ ሎሬያል የተባለውን ኩባንያ ወለደ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የቋሚ ቀለም መሠረቱ ያው ነው። አለርጂውም ከዚሁ ይመጣል።

"አሞኒያ የለውም" የሚለው ጉዳት የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ሽታው ቀለል ይላል፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን በአሞኒያው ቦታ ብዙ ጊዜ ኤታኖላሚን ይገባል፣ እሱም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ፒፒዲው ወይም የቅርብ ዘመዱ ቶሉዊንዲያሚን እዚያው አለ። የአለርጂ ጉዳይ ከሆነ የሚያሳስባችሁ፣ "ያለ አሞኒያ" የሚለው ጽሑፍ ምንም አይነግራችሁም። "ተፈጥሯዊ" እና "ከዕፅዋት የተሠራ" የሚሉትም እንደዚያው። ሳጥኑን ገልብጡና ከጀርባ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ።

ለዓመታት ተቀብቻለሁ፣ አንድም ቀን አላሳከከኝም። እኔም ሙከራ ማድረግ አለብኝ?

አዎ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

የፒፒዲ አለርጂ እንደ ንብ መንደፊያ ወዲያው የሚመጣ አይደለም። ሰውነት መጀመሪያ ኬሚካሉን ይተዋወቃል፣ ይመዘግባል። ይህ ሲሆን ምንም ምልክት የለም። አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ተቀብታችሁ ሰላም ልትሆኑ ትችላላችሁ። አንድ ቀን ግን የሰውነት መከላከያ "ይሄንን አውቀዋለሁ" ብሎ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በተቀባችሁ ቁጥር ይነሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም በየዙሩ እየባሰ ይሄዳል። አንዴ ከመጣ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። ስለዚህ "ለእኔ ተስማምቶኛል" የሚለው ያለፈውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከተቀቡ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። የፀጉር መስመር፣ ጆሮና አንገት ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ የዓይን ቆብ ያብጣል። ቆዳው እዚያ ቦታ ስስ ስለሆነ፣ ቀለሙ ዓይን አጠገብ ሳይደርስ እንኳ ዓይን እስኪጨፈን ያብጣል። ብዙ ሰው ታዲያ ምግብ ነው ወይ አቧራ ነው ብሎ ይፈልጋል። ከትናንት ወዲያ የተቀባው ቀለም ትዝ አይለውም።

ሙከራው እንዴት ነው?

ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ ተከተሉ፣ ከኩባንያ ኩባንያ ትንሽ ይለያያል። በጥቅሉ ግን ትንሽ ጠብታ ከጆሮ ጀርባ ወይም የክንድ መታጠፊያ ላይ ታደርጉና 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ታጠቡትና ቀለሙን አትቀቡ። ቅዳሜ ለምትቀቡት ሐሙስ ጠዋት መሞከር ማለት ነው። ፀጉር ቤት ከሆነም ሐሙስ ብቅ ብላችሁ ጠብታ ማስደረግ ትችላላችሁ። አንዳንዷ ባለሙያ ትስቅባችሁ ይሆናል። ትሳቅ።

የቀለሙን ቁጥር ወይም ኩባንያ ስትቀይሩ እንደገና ሞክሩ። ከዚህ በፊት አለርጂ የወጣበት ሰው ግን ሙከራውን ቤት ውስጥ አያድርግ። ይህ የቆዳ ሐኪም ሥራ ነው።

ዱባይ ሳለሁ ጥቁር ሂና እጄ ላይ ተሥዬ ነበር። ከፀጉር ቀለም ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ያገናኘዋል። ንጹሕ ሂና ጥቁር አይሆንም። መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ በማግስቱ ቀይ ቡናማ ነው የሚሆነው፣ ለሰዓታትም ቆዳ ላይ መቆየት አለበት። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው "ሂና" ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ አለ፣ ያውም ለፀጉር ከሚፈቀደው በላይ። በአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ የሚያርፈው ፒፒዲ ከ2 በመቶ መብለጥ አይችልም። መንገድ ዳር የምትሥለዋ ሴት ግን ሚዛን የላትም። ቆዳ ላይ በቀጥታ፣ በብዛት፣ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ሰውነት ኬሚካሉን ለመመዝገብ ከዚህ የተመቸ ዕድል አያገኝም። ጥቁር ሥዕሉ ያኔ ምንም ላያደርግ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ፀጉር ስትቀቡ ነው ፊት የሚያብጠው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሱዳንና በግብፅ ጥቁር ሂና የተለመደ ስለሆነ፣ እዚያ ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ወይም እዚያው ያላችሁ እህቶች ይህን ለፀጉር ሠሪያችሁ ንገሩ። የአውሮፓ ቀለም ሳጥኖችም ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ይዘው ነው የሚወጡት።

በዱቄት ወይም በድንጋይ መልክ የሚሸጠውን ይህን ጥቁር ማቅለሚያ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ሱዳን ውስጥ ይህን የዋጡ ሕፃናት ጉሮሯቸው አብጦ፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል።

ታዲያ በንጹሕ ሂና ብቀላስ?

ለቀይ ከሆነ ሂና ጥሩ ምርጫ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ላውሶን የሚባል ቀለም ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር በቀጥታ ይያያዛል። አሞኒያም ፐሮክሳይድም አይፈልግም። የአፋርና የሶማሌ ሽማግሌዎች ጢም ላይ የምታዩት ብርቱካናማ ቀይ እሱ ነው። እነሱ ጋር ደምቆ የሚታየው ጢሙ ስለሸበተ ነው። ሂና ፀጉርን አያገረጣም። በጥቁር ፀጉር ላይ የምታገኙት ጥላ ውስጥ የማይታይ፣ ፀሐይ ሲመታው ብቻ የሚቀላ ነገር ነው። እኔ በግሌ ይህን ከብዙ የሳጥን ቀይ እመርጠዋለሁ። ነገር ግን ደማቅ ቀይ ጠብቃችሁ ከሆነ ታዝናላችሁ።

ሦስት ጥንቃቄ አለው። አንደኛ፣ አንዳንዱ "ሂና" የብረት ጨው የተጨመረበት ነው። እሱን ተቀብታችሁ ኋላ ላይ ፐሮክሳይድ ያለው ቀለም ወይም ብሊች ብትደርቡ ፀጉሩ ሊግልና ሊበጣጠስ ይችላል። ከሱቁ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ያለበትን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሂና በቀላሉ አይለቅም። ከጠላችሁት ማሳደግና መቁረጥ ነው። ሦስተኛ፣ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በደማቸው የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ጨቅላዎች ላይ፣ ሂና ቀይ የደም ሴልን ሊያፈርስ ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ላይ ሂና አታድርጉ።

እንሶስላስ ፀጉር ላይ ይሠራል?

እንሶስላ ለእጅ፣ ለእግርና ለጥፍር ነው የኖረው። ለፀጉር ስትጠቀሙበት የሚመጣውን ውጤት አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም፣ ጥቁር ፀጉርንም አያገረጣም። ለሠርግ እጃችሁ ላይ ይመር።

የሐመር ሴቶች ቀይ ፀጉር ደግሞ ሌላ ነው። ቀይ አፈርና ቅቤ ተለውሶ በተጠመጠመው ፀጉር ላይ ይቀባል። ቀለሙ ፀጉሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ይታደሳል፣ ይታጠባል፣ ፀጉሩን አይለውጠውም። ለትራስ ልብስ ግን አይሆንም።

ፀጉሬ ሪላክሰር የተቀባ ነው። ቀለም ልጨምርበት?

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ሪላክሰር የፀጉሩን ጥቅልል የያዙትን ማሰሪያዎች ይበጥሳል። ፀጉሩ የሚለሰልሰው ለዚያ ነው። ቋሚ ቀለም ቅርፊቱን ያላላል። ብሊች ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው። ሦስቱ አንድ ፀጉር ላይ ሲገናኙ ፀጉሩ እንደ ክር ይበጠሳል፣ ብዙ ጊዜም ከመሐል። ሰዎች "ቀለሙ ፀጉሬን አረገፈው" የሚሉት አብዛኛው ታሪክ ሲጣራ ከሥሩ የረገፈ ሳይሆን የተሰበረ ነው። ይህ ልዩነት አለው። የተሰበረው ከሥሩ እንደገና ያድጋል።

ሪላክሰር ያለው ፀጉር ላይ ብሊች አይደረግም። ቋሚ ቀለም ግድ ከሆነ ሪላክሰሩ ቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፈው። ከሁሉ የሚሻለው ያለ ፐሮክሳይድ የሚቀባው፣ ከተወሰነ እጥበት በኋላ የሚለቀው ቀለም ነው። ጥቁሩ ላይ የሚሰጠው ትንሽ የወይን ጠጅ ነጸብራቅ ብቻ ነው፣ ግን ፀጉሩ ይተርፋል።

ሹሩባ የፈታችሁ ዕለትም አትቀቡ። ጠብቆ ከተሠራ ቆዳው ቆስሏል፣ ባይታያችሁም። ጥቂት ቀን ይረፍ። ከመቀባት በፊትም ራሳችሁን አትከኩ፣ በዕለቱም አትታጠቡ። የቆዳው ተፈጥሯዊ ቅባት ትንሽ ይከላከላል።

ቀለም ካንሰር ያመጣል?

አጭሩ መልስ፦ ለሚቀባው ሰው እስካሁን ያለው ማስረጃ እርግጠኛ "አዎ" አይልም፤ ሙሉ በሙሉ "አይ" ብሎም አልዘጋውም። ረጅሙን ለሚፈልግ ይኸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጉዳዩን ለሁለት ከፍሎታል። ፀጉር ሠሪ ሆኖ ከቀለም ጋር መዋልን "ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ሳይሆን አይቀርም" በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። በግል መቀባትን ግን ማስረጃው ለመመደብ አይበቃም ብሏል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አንዳንድ አደገኛ ኬሚካሎች ከቀለም ውስጥ ስለወጡ የድሮው ጥናት ለዛሬው ቀለም ሙሉ በሙሉ አይሆንም።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው በ2019 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣው ነው። እህታቸው የጡት ካንሰር የያዛት 46,709 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ቋሚ ቀለም የሚጠቀሙት ላይ የጡት ካንሰር በ9 በመቶ ጨምሮ ታየ። ጥቁር ሴቶች ብቻቸውን ሲታዩ ጭማሪው 45 በመቶ ሆነ። በየአምስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ወይም ከዚያ ቶሎ ቶሎ የሚቀቡ ጥቁር ሴቶች ላይ ደግሞ 60 በመቶ ደረሰ። ያለ ፐሮክሳይድ የሚቀባው፣ በእጥበት የሚለቀው ቀለም ላይ ይህን ያህል ጭማሪ አልታየም። በሌላ በኩል በ2020 የወጣና 117,200 ነርሶችን ለ36 ዓመት የተከታተለ ሌላ የአሜሪካ ጥናት በጠቅላላው የካንሰር አደጋ ላይ ጭማሪ አላገኘም። አንዳንድ ለይተው የሚታዩ የጡት ካንሰር ዓይነቶችና የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ላይ ግን ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር አይቷል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ።

45 በመቶ ሲባል ከመቶ ሴት 45ቷ ትታመማለች ማለት አይደለም። ከነበረው አደጋ ላይ የተጨመረ ነው። ደግሞም እንዲህ ያሉ ጥናቶች አብሮ መታየቱን እንጂ ምክንያቱን አያረጋግጡም። ያም ሆኖ በቤተሰባችሁ የጡት ካንሰር ካለና በየወሩ ከሥር እስከ ጫፍ የምትቀቡ ከሆነ ማራራቁ አይከፋም። ጫፉን በየጊዜው በቋሚ ቀለም መድገም መልኩንም አያሳምረውም።

እርጉዝ ነኝ። ልቀባ?

ከቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ነው፣ አብዛኞቹ ጥናቶችም ጉዳት አላገኙም። ጥንቃቄ የሚመርጡ ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን 12 ሳምንታት አሳልፉ ይላሉ። መስኮት ክፍት ይሁን፣ ቀለሙ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ አይቆይ። ለምታጠባም ተመሳሳይ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በእርግዝና ጊዜ የቀለሙ ሽታ ሊያስቸግራችሁ ይችላል።

ቅንድቤን ከፀጉሬ ጋር ላመሳስለው?

በፀጉር ቀለም? በፍጹም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ቀለም ተሽጦ ሴቶችን አሳውሯል፣ ሰውም ሞቷል። ውስጡ ፒፒዲ ነበረ። የ1938ቱ የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ እንዲወጣ ከገፉት ታሪኮች አንዱ ይኸው ነው። ቅንድቡን በእርሳስ ማመሳሰል ይቻላል።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ቀይ ካልሆንኩ አለች።

የአውሮፓ ሳጥኖች ቋሚ ቀለም ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይደለም ይላሉ። ሰውነት ኬሚካሉን በልጅነቱ ከመዘገበ ዕድሜ ልኩን ስለሚሸከመው ነው። ቀይ የሹሩባ ፀጉር ግዙላት። ከእሷ ጋር ከመጣላት ይሻላል፣ ሲሰለቻትም ይፈታል።

ቀዩ በሁለት ሳምንት ጠፋ። ተጭበርብሬ ነው?

ላይሆን ይችላል። ቀይ ከሌሎቹ ሁሉ ቶሎ የሚገረጣ ቀለም ነው። ማግኘቱ ቀላል፣ ማቆየቱ ከባድ። ውሃም፣ ፀሐይም፣ ትኩስ ብረትም ያጠፉታል።

ፀጉራችሁን በሳምንት አንዴ ብቻ ታጠቡ፣ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ። ሻምፑው ሰልፌት የሌለው ቢሆን ጥሩ ነው። ፔስትራ ከቀነሳችሁ ቀለሙም ፀጉሩም ይቆያል። ፀሐይ ላይ ሻሽ ወይም ነጠላ ጣል አድርጉ። ቀለም ያለበት ኮንዲሽነር በየሁለት ሳምንቱ መቀባት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ቋሚ ቀለም መድገምን ያስቀራል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ቋሚው ቀለም ሥሩ ላይ ብቻ ቢነካ ይበቃል።

ከቀለም በኋላ ቅቤ ብቀባ ፀጉሬ ይመለሳል?

ቅቤ ያለሰልሳል፣ ያወዛል፣ ሲበጠር መሰበሩን ይቀንሳል። የተሰበረውን ግን አይቀጥልም። ከቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፣ ራሱን አይጠግንም። ሌላ ችግርም አለ። ቅቤውን ለማስለቀቅ በሙቅ ውሃና በብዙ ሻምፑ ደጋግማችሁ ታጥባላችሁ፣ ቀዩም አብሮ ይፈሳል። በሳምንት ውስጥ ቀይ ሆኖ መታየት ያለበት ዝግጅት ካለ ቅቤውን ከዚያ በኋላ አድርጉት።

ጠላሁት። እንዴት ልውጣ?

ጥቁር ቡናማ ደርቡበት። አመድማ ቃና ያለውን ምረጡ፣ ቀዩን የሚያጠፋው አረንጓዴ ስለሆነ አመድማው ውስጥ ትንሽ ይኖራል። ድቅድቅ ጥቁር ቀለም አትደርቡ። ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ከዚያ መውጣት ከቀዩ ይብሳል። በብሊች ለማውጣትም አትሞክሩ፣ ቢያንስ በዚያው ሳምንት።

ራሴን እያቃጠለኝ ነው፣ ፊቴም ማበጥ ጀምሯል። አሁን ምን ላድርግ?

የተጻፈው ደቂቃ እስኪሞላ አትጠብቁ። በብዙ ለብ ያለ ውሃ ወዲያው ታጠቡ። ትንሽ መሞቅ ያጋጥማል፤ ማቃጠል ግን የተለመደ አይደለም፣ "ቻይው፣ ሊይዝ ነው" የሚላችሁን አትስሙ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለደቂቃዎች በንጹሕ ውሃ እጠቡና ሐኪም ይየው።

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ማዞር ከመጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከቀናት በኋላ የሚመጣው እብጠትም ቢሆን ክሊኒክ ያስኬዳል፣ ሐኪሙ የሚያዝዘው ቅባት ወይም ኪኒን አለ። ሳጥኑን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላሉ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ፒፒዲ መሆኑ ከተረጋገጠ ቋሚ ቀለም ለእናንተ አብቅቷል፣ ኩባንያ መቀየር አያድንም። ቤንዞካይን ያለበት የማደንዘዣ ቅባትም ሊነሳባችሁ ስለሚችል ለጥርስ ሐኪምና ለፋርማሲ ንገሩ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ለእኔስ?

ከደንበኞቻችሁ ይልቅ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ፣ በየቀኑ ትነኩታላችሁና። ጓንት አድርጉ፤ ሲታጠብም ጭምር፣ ምክንያቱም ብዙዎች ቀለሙን በጓንት ቀብተው በባዶ እጅ ያጥቡታል። ጓንቱን ገልብጣችሁ ደግማችሁ አትልበሱ። የብሊች ዱቄት ውስጥ ያለው ፐርሰልፌት አስም ያመጣል፣ ስለዚህ ዱቄቱን በር ዘግታችሁ አትበጥብጡ፣ የማይበንነውን ዓይነት ካገኛችሁ እሱን ግዙ። እጃችሁ ላይ የማይለቅ መሰነጣጠቅና ማሳከክ ከጀመረ "የሥራው ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቶሎ የታየ እጅ ሥራውን መቀጠል ይችላል።